ቀደር፣ ሚንግ፣ ዕጣ ፈንታ፦ አንድ የአማርኛ ቃል ለሁሉም ይበቃል?

የከዚራዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ላይ ለአንድ የንባብ ክበብ የሚታደል የአራት ገጽ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው፤ ርዕሱ «ዕጣ ፈንታ በእስልምናና በኮንፊሽየስ ትምህርት»። አንባቢው ድብልቅ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የተማረውም ገና ተማሪ የሆነውም ይመጣል። ረቂቁ ላይ ለዐረብኛው ቀደርም፣ ለቻይንኛው ሚንግም፣ ለቲየንሚንግም («የሰማይ ሚንግ») የገባው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ ዕጣ ፈንታ። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ይጎረብጣል። በተለይ እነዚህ አራቱ፦

1ኛ፦ «ሙስሊም በዕጣ ፈንታ ያምናል፤ ዕጣ ፈንታውም ሰማያትና ምድር ከመፈጠራቸው 50,000 ዓመት በፊት ተጽፏል።»
2ኛ፦ «የሻንግ ነገሥታት ዕጣ ፈንታቸውን ስላጡ የጆው ነገሥታት ዕጣ ፈንታውን ወሰዱ።»
3ኛ፦ «ኮንፊሽየስ በ50 ዓመቱ ዕጣ ፈንታውን አወቀ።»
4ኛ፦ «ሁለቱም ትምህርቶች ሰው በዕጣ ፈንታው ላይ ምንም ማድረግ እንደማይችል ያስተምራሉ።»

2ኛው ምን ማለት እንደሆነ ለጻፈውም አልገባውም። 3ኛው ኮንፊሽየስ ጠንቋይ ቤት የሄደ ያስመስላል። 4ኛው ትክክል ነው ወይስ ይውጣ? ስትመልሱ ምዕራፍና ቁጥር ጥቀሱልኝ፤ ስልክ ላይ የሚዞረው ጥቅስ ባለቤቱ አይታወቅም። አንቱታ የለም፣ ድሬ ነን።

ኪታብ ቤት (ሐረር)

ሰላም እህቴ። የቀደሩን ጎን እኔ ልያዘው፣ ቻይናውን ለሚያውቅ እተዋለሁ።

ከቃሉ እንነሳ። «ዕጣ» ስትዪ አንባቢው የሚያየው እቁብ ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ይጣላል፣ አንድ እጅ ያነሳል፤ ለማን እንደሚወጣ ዳኛውም ጸሐፊውም አያውቁም፤ ባያውቁ ነው ዕጣ የሆነው። ቀደር ደግሞ ከመታወቅ ነው የሚጀምረው። የዐረብኛው ሥር «ለካ፣ መጠነ፣ ቻለ» ማለት ነው። የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም ሱረቱል ቀመር 54፡49 ላይ ሁሉ ነገር «በልክ» እንደተፈጠረ ይናገራል፤ ለይለቱል ቀድርንም «መወሰኛይቱ ሌሊት» ይላታል። ስለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀደር «ልክ»፣ አብሮት የሚነሳው ቀዷእ «ውሳኔ»። ዑለማዎች (ሊቃውንቱ) ሁለቱን አንዳንዴ ይለያሉ፣ አንዳንዴ አንዱን በሌላው ምትክ ይጠቀማሉ። ለአራት ገጽ ጽሑፍ «የአላህ ውሳኔና ልክ» ብለሽ መጀመሪያ ላይ ብትጽፊ፣ ከዚያ በኋላ «ቀደር» እያልሽ ብትቀጥዪ ማንም አይደናገርም።

1ኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው 50,000 ዓመት ትክክል ነው፤ ሙስሊም የሚባሉት የሐዲስ ሰብሳቢ በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ አለ። የጎደለው ሌላ ነው። የዓቂዳ (የእምነት ትምህርት) ኪታቦች ቀደርን በአራት ደረጃ ያስተምራሉ፦ ዕውቀት፣ ጽሕፈት፣ ፈቃድ፣ መፍጠር። አላህ ያውቃል፣ ጽፎታል፣ ያለ ፈቃዱ አይሆንም፣ የሁሉም ፈጣሪ እሱ ነው። ረቂቁ ከአራቱ ጽሕፈትን ብቻ አንጠልጥሎ ነው የወጣው። ያኔ ቀደር አንድ ጊዜ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት ወረቀት ይመስላል። ጽሕፈቱ ራሱ እንኳ በአንድ ቦታ አያልቅም፤ ለውሐል መሕፉዝ (የተጠበቀው ሰሌዳ) አለ፤ ፅንሱ ማኅፀን ሳለ መልአኩ የሚጽፈው አለ፤ በለይለቱል ቀድር የዓመቱ ጉዳይ እንደሚለይ ሱረቱ ዱኻን 44፡4 ይናገራል። ሱረቱ ረዕድ 13፡39 ደግሞ አላህ የሚሻውን እንደሚያብስና እንደሚያጸድቅ፣ የመጽሐፉ እናት ግን እሱ ዘንድ እንደሆነች ይገልጻል። ብዙ ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ የሚታበሰው በመላእክቱ እጅ ያለው መዝገብ ነው፣ የእናት መጽሐፉ አይለወጥም ይላሉ። ዱዓ (ልመና) ለምን እንደሚደረግ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚህ ነው ያለው፤ ዱዓውም፣ ዱዓው የሚያመጣውም፣ ሁለቱም ተለክተዋል።

4ኛው ይውጣ። እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ ጥያቄ በቀጥታ ተጠይቀዋል። በቀብር ላይ፣ በቂዕ አል ገርቀድ በሚባለው የመዲና መቃብር ውስጥ ተቀምጠው፣ በያዙት በትር መሬቱን እየጫሩ፣ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ እንደተጻፈ ተናገሩ። «ታዲያ በተጻፈው ተማምነን ሥራን አንተውም?» ተባሉ። መልሳቸው «ሥሩ! ሁሉም ለተፈጠረለት ነገር ይገራለታል» የሚል ነበር፤ ከዚያም ሱረቱ ለይልን (92፡5-10) አነበቡ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ያወሩት ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል።

ለአንባቢ የሚቀመጥ አንድ ምሳሌ ብቻ ቦታ ካለሽ ግን የዑመርን ውሰጂ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲሄዱ ሰርግ የሚባል ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ፤ የዐምዋስ ወረርሽኝ የሚባለው ነው። ያደረጉትን በቅደም ተከተል ተመልከቺ። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን (ከመካ የተሰደዱትን) ጠሩ፤ ተከፋፈሉ። አንሷሮችን (መዲና ላይ የተቀበሏቸውን) ጠሩ፤ እነሱም ተከፋፈሉ። ቀጥሎ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነዚህ በአንድ ድምፅ «ተመለስ» አሉ። ለመመለስ ሲወስኑ አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ቀደር ሽሽት?» አሏቸው። «አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን። ግመሎችህን ይዘህ ሁለት ዳር ያለው ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ለምለም አንዱ ደረቅ ቢሆን፣ ለምለሙ ላይ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለም? ደረቁ ላይ ብታሰማራስ በአላህ ቀደር አይደለም?» ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጡና ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፣ ያላችሁበት ላይ ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን ሐዲስ አሰሙ። ግመል ያሰማራ ሰው ባለበት አካባቢ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሁለት ወጥመድ ልንገርሽ። «ቀደሪያ» የሚለውን ስም ካገኘሽ በቀደር የሚያምኑ እንዳይመስልሽ፤ ተቃራኒው ነው፣ ቀደርን የካዱት ናቸው ቀደሪያ የተባሉት። በበስራ መዕበድ አል ጁሀኒ ይህን መናገር ሲጀምር ነው ሁለት ሰዎች መጥተው የዑመርን ልጅ ኢብን ዑመርን የጠየቁት፤ ኢብን ዑመርም ስድስቱ የኢማን (የእምነት) መሠረቶች የተዘረዘሩበትን የጂብሪል ሐዲስ ያሰሙት ያኔ ነው። ሰው እንደ ላባ በነፋስ የሚነዳ ነው ያሉት ደግሞ ጀብሪያ ናቸው። ረቂቁ ሳያውቀው ጀብሪያን «እስልምና» ብሎታል።

ሌላው ከስብ («ማትረፍ») የሚባለው ነው። ከዓቂዳ ሊቁ ከአሽዐሪ (በ324 ዓመተ ሂጅራ ነው የሞቱት) ጋር የሚያያዘው ትምህርት ሥራን ይፈጥረዋል አላህ፣ ያተርፈዋል ሰው የሚል ነው። ኪታቦቹ ላይ ያለው ምሳሌ እጅ ነው፤ በንዳድ የሚንቀጠቀጥ እጅና ብዕር የያዘ እጅ። ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ሰው ልዩነታቸውን ከራሱ ያውቃል፤ ተጠያቂነቱ በሁለተኛው ላይ ነው። ከዚህ በላይ አትግቢበት፤ ሌላ አራት ገጽ ያስበላሻል።

ጠመኔ

ኪታብ ቤት ዕጣን በእቁብ ያፈረሰበት መንገድ ለቻይናውም ይሠራል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ሚንግ መጀመሪያ «ትእዛዝ» ነው። የቻይንኛው ምልክት ሲበተን አፍና ማዘዝ ይወጣዋል። ከትእዛዝ ተነስቶ ወደ «የተሰጠ ወሰን» ሄደ፤ ዕድሜ፣ በሽታ፣ መሾም አለመሾም። ስለዚህ እንደ እንስራ ሁለት ጆሮ አለው፤ አንዱ «ማድረግ ያለብኝ»፣ ሌላው «በእጄ ያልሆነው»። አማርኛው ሲገባ በእያንዳንዱ ቦታ የትኛው ጆሮ እንደተያዘ ማየት ግድ ነው። አንድ ቃል መርጦ በሁሉም ቦታ መለጠፍ አይቻልም።

2ኛው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ያለው ቲየንሚንግ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ጆው ሻንግን (ሁለቱም የቻይና ሥርወ መንግሥታት ናቸው) በ1046 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ሲጥሉ ያቀረቡት ምክንያት ሰማይ ሻንግን ሾሞ ነበር፣ የመጨረሻው ንጉሥ ሲበላሽ ሻረው የሚል ነው። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ሹም ሽር። «የሰማይ ሹመት ተነሳባቸው» በዪ፣ ዓረፍተ ነገሩ ወዲያው ይቆማል። በመዝሙር መጽሐፋቸው (ሺጂንግ፣ መዝሙር 235) «የሰማይ ሹመት ቋሚ አይደለም» የሚል መስመር አለ፤ የተነገረውም ለተሸናፊው ብቻ ሳይሆን አሸናፊዎቹ ጆዎች ራሳቸው እንዲፈሩ ነው። ሹመትን መለወጥ «ገሚንግ» ይባላል፤ ዛሬ ቻይናዎች አብዮት የሚሉበት ቃል ይኸው ነው። የኛ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ደስ ይላል፣ ግን ጥንቃቄ፤ የኛው በዘር ሐረግ ላይ የቆመ ነው፣ የጆዎቹ ክርክር ደግሞ የዘር ሐረግ ብቻውን አያድንም የሚል ነው።

3ኛው የኮንፊሽየስ ንግግሮች ከተሰበሰቡበት መጽሐፍ፣ ከሉንዩ 2.4 ነው። በ15 ዓመቱ ለትምህርት ልቡን ሰጠ፣ በ30 ቆመ፣ በ40 ጥርጣሬ ለቀቀው፣ በ50 ቲየንሚንግን ዐወቀ፣ እያለ እስከ 70 ይሄዳል። «ዕጣ ፈንታውን አወቀ» የሚለው ስህተት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። 50ን ተሻግሮ፣ በ497 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ሉ የምትባል አገሩን ትቶ ለ14 ዓመት ያህል ከመንግሥት ወደ መንግሥት ተንከራተተ፤ የሚሰማው ገዥ አጣ። ሉንዩ 14.38 ላይ አንድ የበር ጠባቂ ስለ እሱ ሲጠይቅ «ያ እንደማይሆን እያወቀ የሚሠራው ሰውዬ?» ይላል። ዕጣ ፈንታውን የሰማ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው ግን ይሆናል። ስለዚህ 3ኛው ላይ «ትእዛዝ»።

«ወሰን» የሚለውን ጆሮ ለማሳየት 6.10ን ተጠቀሚ። ቦኒው የሚባለው ተማሪው በክፉ ደዌ ተይዟል፤ መምህሩ በመስኮት እጁን ይዞ «ሚንግ ነው! እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ በሽታ!» አለ። እዚህ ላይ «ትእዛዝ» ብትዪ ያሳቅቃል፣ «ሹመት» ማለትማ ጭራሽ አይሆንም።

ከኮንፊሽየስ በኋላ ትምህርቱን የያዘውን ፈላስፋ መንግዙን (ሜንሺየስ የሚባለውን) ሳትጠቅሺ ግን አትለፊ፤ ነገሩን የጠረበው እሱ ነው። በመጽሐፉ 5ሀ6 ላይ ማንም ሳያደርገው የሚሆነው ሰማይ ነው፣ ማንም ሳይጠራው የሚመጣው ሚንግ ነው ይላል። 7ሀ2 ላይ ሁሉም ነገር ሚንግ አለው ካለ በኋላ ወዲያው «ስለዚህ ሚንግን የሚያውቅ ሰው ሊወድቅ ካዘመመ ግድግዳ ሥር አይቆምም» ይላል። ከዑመር ሸለቆ ጎን ብታስቀምጪው ገጹ ራሱ ይናገራል። 7ለ24 ደግሞ ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ግን ወርቅ ነው። አፍ ጣዕም፣ ዓይን ውበት፣ አካል ዕረፍት መፈለጉ ተፈጥሮ ነው፤ ማግኘት አለማግኘቱ ሚንግ አለበት፤ ስለዚህ ጨዋ ሰው «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ሙጭጭ አይልም። በአባትና በልጅ መካከል ያለ ፍቅር፣ በእንግዳና በአስተናጋጅ መካከል ያለ ወግ ደግሞ ሚንግ አለበት፣ ተፈጥሮም አለበት፤ ጨዋ ሰው ግን እዚህ ላይ «ሚንግ ነው» አይልም። ልብ በዪ፤ ቃሉን የሚያነሳው በሚገታው ቦታ ነው፣ በሚያመካኝበት ቦታ ላይ ይተወዋል።

ሌላ የሚያሳስት ነገር፦ በልደት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ስምንት ፊደል አውጥቶ ዕድል መቁጠር የቻይና ባህል ነው፣ ግን ሉንዩ ውስጥ የለም። ጽሑፉ ውስጥ ካለ አውጪው።

መጋላ ላይ

ሁላችሁም አሳመራችሁት። ግን ሁሉ ነገር ተጽፎ ካለቀ ዑመር ቢመለሱ ባይመለሱ ምን ለውጥ አለው? ቻይናውስ «ሞትና ሕይወት ሚንግ አላቸው፣ ሀብትና ክብር በሰማይ ነው» ብሎ የለ? የኛም ሰው የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላል። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ 4ኛው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጥ።

ጠመኔ

መጋላ፣ የጠቀስከው ሉንዩ 12.5 ነው፤ ሁለት ነገር ቀርቶበታል። አንደኛ፣ የተናገረው ኮንፊሽየስ አይደለም፤ ተማሪው ዙሺያ ነው፣ «እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ። ሁለተኛ፣ ለማን እንደተነገረ ተቆርጧል። ሲማ ኒው የሚባል ሌላ ተማሪ «ሰው ሁሉ ወንድም አለው፣ እኔ ብቻ የለኝም» ብሎ ሲያዝን ነው ዙሺያ ያንን ያለው፤ አስከትሎም፣ ጨዋ ሰው ጥንቁቅ ከሆነ ሰውንም በአክብሮት ከያዘ በአራቱ ባሕሮች መካከል ያለ ሁሉ ወንድሙ ነው ይላል። ማጽናኛው ከፊት፣ ሥራው ከኋላ። ከፊቱን ብቻ ቆርጦ ማዞር ነው ኮንፊሽየስን ዕድል ቆጣሪ ያስመሰለው።

የአንተ ክርክር ግን አዲስ አይደለም፣ ቻይና ውስጥም ባለቤት አለው። ሞዙ የሚባለው ፈላስፋ በስሙ በተጠራው መጽሐፍ ውስጥ ሚንግን የሚቃወሙ ሦስት ምዕራፎች አሉት፤ የኮንፊሽየስ ሰዎች ሚንግ እያሉ ሕዝቡን ያሰንፋሉ፣ ሹሙ አያስተዳድርም፣ ገበሬው አያርስም ብሎ ከሷቸዋል። ለምን እንደተከሰሱ ይገባኛል፤ ቃሉን በተሳሳተ ቦታ የሚያነሱ ነበሩ ማለት ነው። ከኮንፊሽየስ ወገን የሆነው የፈላስፋው የሹንዙ መልስ ደግሞ ከሁሉም የደረቀ ነው፤ የሰማይ አካሄድ የታወቀ ነው፣ ለደግ ንጉሥ ብሎ አይኖርም፣ ለክፉ ብሎ አይጠፋም፤ ለዝናብ ጸለዩ፣ ዘነበ፤ ባይጸልዩም ይዘንብ ነበር ይላል (ምዕራፍ 17)። እዚህ ላይ ከእስልምና ጋር መንገዱ ጭራሽ ይለያያል።

ኪታብ ቤት (ሐረር)

መጋላ ወንድሜ፣ «ቢመለሱ ባይመለሱ ምን ለውጥ አለው» ስትል ውጤቱን ከሰበቡ ነጥለህ ጻፍከው። ቀደር ውስጥ የተለካው መጨረሻው ብቻ አይደለም፣ መንገዱም ነው፤ መድኃኒቱም፣ ማማከሩም፣ መመለሱም። የጠገበ ሰው ጥጋቡ ቀደር ነው፤ መብላቱም ቀደር ነው። «ከተጻፈልኝ እጠግባለሁ» ብሎ ሳይበላ የሚቀመጥ ማንም የለም፤ ሰው ይህን ክርክር የሚያነሳው ሶላት ላይ ወይም ዕዳ ላይ ሲደርስ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ አይደለም። ሱረቱል አንዓም 6፡148 ላይ «አላህ ቢሻ ኖሮ ባላጋራን (ሌላ አምላክ ባልጨመርንበት) ነበር» ያሉት ሰዎች ክርክር ተነግሮ ውድቅ ተደርጓል።

ዑለማዎች ይህን ባጭሩ ያስቀምጡታል፦ በቀደር የሚጽናኑት በመከራ ነው፣ በነውር አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። የሚጠቅምህ ላይ ትጋ፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ፤ ነገር ከደረሰብህ በኋላ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» አትበል፣ «አላህ ለካው፣ የሻውን አደረገ» በል። ትጋቱ ከፊት ነው። ቀደር የሚነሳው «ከደረሰብህ» ከሚለው ቃል በኋላ ነው።

ለድሬ አንባቢ በከተማው የሚያልፈውን ደረቅ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ውሰዱ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉ የሚሞላው ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ስለሆነ ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለሐዘንተኛው ቤት «ቀደር ነው» ይባላል፣ ልክ ነው፣ ቦታው ነው። የጎርፍ መከላከያ ግንብ የሚያቆመው መሐንዲስ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ስልክ መደወል ያለበት ሰው ግን ያንኑ ቃል ቢናገር ቀደርን አላመነም፤ ሥራውን ነው የተወው። ሟቾቹን በጥንቃቄ ጉድለት መውቀስም እንደዚሁ ነውር ነው፤ የመንግዙን ግድግዳ በነሱ ላይ እንዳትጠቅሱ። ከመሆኑ በፊት የሚነገረውን ከሆነ በኋላ መናገር ራሱ ቦታ መሳት ነው።

ጠመኔ ስለ ሹንዙ ያነሳኸው ግን ጽሑፉ ላይ በጉልህ ይግባ። ቀደር ባለቤት አለው፤ የሚያውቅ፣ የሚሰማ፣ የሚለመን፣ ኋላም የሚጠይቅ። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ኢስቲኻራ (ምርጫውን እንዲመራው አላህን መለመን) የሚያደርግ ሰው ለወሰን አይጸልይም፤ ለባለቤቱ ነው።

ጠመኔ

እስማማለሁ፣ በትንሽ ማረሚያ። ኮንፊሽየስ ሰማይን እንደ ደረቅ ወሰን ብቻ አያየውም። ሁዋን ትዌ የሚባል ሰው ሊገድለው ሲፈልግ «ሰማይ በእኔ ውስጥ በጎነትን ወልዷል፣ ሁዋን ትዌ ምን ያደርገኛል?» ብሏል (7.23)። 3.13 ላይ ሰማይን የበደለ የሚጸልይበት የለውም ይላል። ሲታመም ተማሪው ዙሉ እንጸልይልህ ሲለው ደግሞ «ጸሎቴማ ቆይቷል» ብሎ ይመልሳል (7.35)። ሰማይ ለእሱ ፊት አለው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሰማይ አይናገርም፣ ወቅቶቹ ይሄዳሉ፣ ነገሮች ይወለዳሉ፣ በቃ (17.19)። መጽሐፍ አላወረደም፣ የሒሳብ ቀንም አልተነገረም። ያን ሁዊ የሚባለው የሚወደው ተማሪ በወጣትነቱ ሲሞት «ሰማይ አጠፋኝ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኸ (11.9)፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማካካሻ አልጠቀሰም። ሙስሊሙ አኺራ (የወዲያኛው ዓለም) አለኝ በሚልበት ቦታ ላይ ሉንዩ ዝም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ይህን ዝምታ አትሙዪው።

የከዚራዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም። በአስተያየታችሁ መሠረት እንዲህ ተለውጧል፦

1ኛ፦ «ሙስሊም በአላህ ውሳኔና ልክ፣ በቀደር፣ ያምናል፤ አላህ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል፣ ጽፎታል፣ ፈቅዶታል፣ ፈጥሮታል፤ ሰው በመረጠው ይጠየቃል።»
2ኛ፦ «የሻንግ ነገሥታት በሥራቸው ምክንያት የሰማይ ሹመት ተነሳባቸው፤ ሹመቱ ወደ ጆው ዞረ።»
3ኛ፦ «ኮንፊሽየስ በ50 ዓመቱ ሰማይ የሚያዝዘውን ዐወቀ።»
4ኛው ወጥቶ ሸለቆውና ግድግዳው ገብተዋል። ርዕሱ ላይ ያለው «ዕጣ ፈንታ» ግን ይቅር ወይስ ይቆይ? ከወጣ ሰው ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያልፈዋል። አንድ የቡድናችን ሰው ደግሞ «የአርባ ቀን ዕድል» የሚለው አባባላችን ከሐዲስ የመጣ ነው ብሎ እንዲገባ ይፈልጋል።

ዋርካ ሥር

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ርዕሱ ላይ ይቆይ፤ በሩ ላይ ያለ ቃል ሰው የሚያውቀው መሆን አለበት። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ግን «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ አንጠቀምበትም» ብለሽ ምክንያቱን በእቁቡ አስረጂ። ዕድል፣ ክፍል፣ ጽዋ ተርታ የሚሉትንም በአንድ መስመር ጥቀሺ፤ ሦስቱም ድርሻን እንጂ አዛዥን አይናገሩም።

የአርባ ቀኑን ነገር አታስገቢው፣ ቢያንስ «የመጣው ከዚህ ነው» ብለሽ አይደለም። ሐዲሱ እውነት ነው። ኢብን መስዑድ ባወሩት አርባ፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል፣ ቀጥሎ ያንኑ ያህል ይልና መልአኩ አራት ነገር ይጽፋል፦ ሲሳዩን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ዕድለ ቢስ ወይም ዕድለኛ መሆኑን። ይህ 120 ቀን ነው። ሑዘይፋ ኢብን አሲድ ባወሩት ደግሞ 42 ሌሊት ይላል። አርባ ቁጥር ክርስቲያኑም ዘንድ ብዙ ቦታ አለ፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው። ቁጥር ስለገጠመ ብቻ ዘር አይቆጠርም። «የሚመሳሰል ነገር በሐዲስ አለ» ማለት ይበቃል።

አጻጻፍ ላይ፣ በግዕዝ ፊደል የቻይንኛ ድምፅ ከፍታና ዝቅታ ስለማይታይ ሦስት ቦታ ላይ ትሰናከያለሽ። ከ1368 እስከ 1644 እ.ኤ.አ. የገዛው ሚንግ ሥርወ መንግሥት ሌላ ሚንግ ነው፣ «ብሩህ» ማለት ነው፤ ከዕጣ ፈንታ ጋር አይገናኝም። የኮንፊሽየስ «ስሞችን ማቃናት» እና የመንግዙ «ቀናው ሚንግ» ሁለቱም በኛ ፊደል ጀንግሚንግ ሆነው ይወጣሉ፤ አንዱ ስም ነው አንዱ ሚንግ፣ በአማርኛ ፍቺያቸው ለያያቸው። የሻንግ የመጨረሻ ንጉሥ ስምም ጆው ነው፣ የጣለው ሥርወ መንግሥትም ጆው፤ ንጉሡን «የመጨረሻው የሻንግ ንጉሥ» ብለሽ እለፊ። የሉንዩ ቁጥሮችም በየእትሙ አንድ ሁለት ሦስት ይንሸራተታሉ፤ 6.10 ሌላ ቦታ 6.8 ነው። የተጠቀምሽበትን እትም ካልያዝሽ አንባቢ አላገኘሁም ይልሻል።

ቦታ ከተረፈሽ የቻይና ሙስሊሞችን አስገቢ፣ ይህን ያንቺን ችግር ከኛ በፊት ያዩት እነሱ ናቸውና። ዋንግ ዳይዩ በ1642 እ.ኤ.አ. በቻይንኛ በታተመው ሥራው ላይ ለቀደር የመረጠው ቃል ሚንግ ወይም ቲየንሚንግ አልነበረም፤ ቺየንዲንግ ነው፣ «አስቀድሞ የተወሰነ»። ዛሬም የቻይና ሙስሊሞች ስድስተኛውን የኢማን መሠረት የሚጠሩት በዚሁ ነው። ለአላህም ሰማይ የሚለውን ትተው «እውነተኛው ጌታ» የሚለውን ያዙ። የኮንፊሽየስን መጻሕፍት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ካደረጉ ቃሉ አልገጠመላቸውም ማለት ነው።

የቀረኝ 1ኛው ዓረፍተ ነገር ነው። «ፈቅዶታል» አደገኛ ነው። አማርኛ ላይ ፈቀደ ማለት ሻ ማለትም ነው፣ ይሁን ብሎ ወደደ ማለትም ነው። አንባቢ ስርቆቱንም አላህ ወዶታል ብሎ ይረዳል። ዐረብኛው መሺአን (መሻትን) ከሪዷ (ከመውደድ) ይለያል፤ ሱረቱ ዙመር 39፡7 አላህ ለባሮቹ ክሕደትን እንደማይወድ ይናገራል። «ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን የለም፤ የሆነውን ሁሉ ግን ወዶታል ማለት አይደለም» ብትዪ ሁለት መስመር ይወስድብሻል። መስመሩ ካልበቃ ሹንዙን አሳጥሪ፣ ይህን አይደለም።